ከቁርባን በፊት የጠጣሁት ውሃ

በዚያ እሑድ በግቢያችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ባሌ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻችን፣ ከመተሐራ የመጣችው ታናሽ እህቴ ከአንድ ልጇ ጋር፣ የንስሐ አባታችን፣ ግድግዳ የምንጋራት ኦሮሞዋ ጎረቤቴ፣ እና ከክሊኒኩ የጋበዝናት ጤና ረዳት። የእህቴ ባል አገዳ ቆረጣ ላይ ስለነበረ አልመጣም። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ደጋግመን ስላነሣናት እሷንም ከነበሩት እቆጥራታለሁ። የረሳሁት ሰው እንዳይኖር ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ።

የምንኖረው ከናዝሬት ወዲያ፣ ወንጂ፣ በስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች መንደር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ባሌ የአገዳው ጭማቂ የሚፈላበት ክፍል ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይቆም ነበር። ሱሪውን ዘፍዝፌ ውሃውን ስደፋው ጉንዳን ይሰለፋል፤ አጥቤ ሳሰጣውም ገመዱን ይዞ ይወጣል። የመንደራችን ሴቶች ልብስ ከገመድ ስናወርድ መጀመሪያ እናራግፋለን፣ ከዚያ እናጥፋለን። ልጆቻችን ጉንዳን የገባበት ሻይ በማንኪያ ቀንሰው ይጠጣሉ። እኛ ጉንዳን አይተን የምንደነግጥ ሰዎች አልነበርንም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት በምክንያት ነው።

የወር አበባዬ የቆመው በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ አረገዝኩ ብዬ ነበር። ወራት አለፉ፣ ሆድ የለም። ሥራ ይዤ ሳለሁ ድንገት ፊቴ ይግላል፣ አንገቴን ላብ ያጠምቀዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል። ለጎረቤቴ ብቻ ነገርኳት።

«ያ ኢንተላ!» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ብላ። «አረፍሽ በያ! እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ጨርቅ አጥባለሁ። አንቺን ማን ጠቁሞሽ ነው ቀድመሽ የወጣሽው?»

ሳቅን። እኔ ግን ከሳቁ በላይ ኮራሁ። በእኛ እምነት ሴት በአበባዋ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ሰው የሚቆርበው ወይ በሕፃንነቱ ነው፣ ወይ ሲያረጅ። ሴት ስታርጥ «እንግዲህ ቁረቢ» ትባላለች። ይህን ለማግኘት ሌሎቹ ጸጉራቸው እስኪሸብት ይጠብቃሉ፤ እኔ አርባ ሳይሞላኝ ደረሰልኝ። እህቴ በሰማች ጊዜ እጄን ስማ «እትዬ፣ አንቺ የተመረጥሽ ነሽ» አለችኝ። አመንኳት።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጆቼ ሲያስሉ ግንባራቸውን ከመንካት አልፌ ትንፋሻቸውን የምቆጥር፣ ከቦኖ የቀዳሁትን ውሃ አፍልቼም የምጠራጠር ሴት ነኝ። ለራሴ ግን አልፈራሁም። በሁለተኛው ዓመት ላይ ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጾም ነው አልኩ። ዓይኔ ደከመ፤ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት በኩራዝ ስለተማርኩ ነው አልኩ። ውሃ ጥሙ በረታብኝ፤ የወንጂ ሙቀት ነው አልኩ። አንድ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት እነሣለሁ፤ ያን ያህል የጠጣ ሰው ምን ያድርግ አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ መልሱም ሁሉ የሚያሳምን ነበር።

ባሌና እኔ አብረን ልንቆርብ ተስማማን። ሰባት ቀን ለየብቻ ተኛን። እህቴ ሐሙስ ከመተሐራ መጥታ ጠላውን አጠለለች፤ ጎረቤቴ ድፎ ዳቦውን ደፋች። አንድ ችግር ነበረ። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ለቁርባን ነው ብሎ ማስፈቀድ በዚያን ጊዜ የሚሞከር አልነበረም። ባሌ ሄዶ «ሚስቴን አሟታል» ብሎ አስፈቀደ። ሲመለስ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። «በሽታን በደህና ቀን አይጠሩትም» አልኩት።

ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እህልም ውሃም በአፋችን አልዞረም። ሥርዓቱ ነው፤ ቆራቢ ውሃም አይቀምስም። እስኪመሽ ቻልኩ። ሲመሽ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም፤ የውሃ በርሜላችንን ክዳን ብቻ አስባለሁ። ጎህ ሲቀድ ፊቴን ልታጠብ ተነሣሁ። በጣሳ ቀድቼ ወደ ፊቴ የወሰድኩት ውሃ አፌ ውስጥ ገባ። ሳላስበው ነው እንዳልል፣ ሁለተኛውን ጣሳ አስቤ ነው የቀዳሁት። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ጠጣሁ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ባሌን ተከትዬ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ እግሬ ቆመ።

«ምነው?» አለኝ ባሌ።

«ጠጥቻለሁ።»

«ምን?»

«ውሃ።»

ግራ ቀኙን አየ። «ጉሮሮሽን አርጥበሽ ነው፣ ወይስ…»

«አራት ጣሳ።»

«አራት!» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎበት አፉን በጋቢው ያዘ። «አንቺ ሴት፣ የመተሐራ በረሃ የኢቱዎች ግመል እንኳ አራት ጣሳ ጠጥታ ቀና ትላለች!» ተቆጣ ብዬ ነበር። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና «በይ እንግዲህ፣ እኔም ብቻዬን አልገባም» አለኝ።

ደብቄ ብገባ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ልጆች አሉኝ፤ በልጆቼ ላይ የሚመጣ ነገር አላደርግም። ቅዳሴው ሳይጀመር የንስሐ አባታችንን አስጠርቼ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«ደብቀሽ ብትቀርቢ ነበር የሚያስፈራኝ» አሉ። «ለዛሬ ይቀራል፣ ሌላ ቀን ትቆርቢያለሽ። ግን አራት ጣሳ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይጠማሻል?»

«ከጠማኝ ቆየ፣ አባቴ።»

ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ይሄ የኔ አይደለም፣ ልጄ። የነፍስሽን እኔ አውቃለሁ፤ ይሄ ግን የሐኪም ነው።»

ቅዳሴውን ከውጭ ቆመን አስቀደስን። ስንመለስ ጎረቤቴ ከበር ላይ በእልልታ ተቀበለችን። እህቴ ሳር ጎዝጉዛ፣ ልጆቼ አዲስ ቀሚስ ለብሰው እየዘለሉ። እልልታው አልቆም ሲል ባሌ እጁን አነሣ።

«አልቆረብንም» አለ።

«ማል?» አለች ጎረቤቴ። «ምን ማለት ነው? እና ያን ሁሉ ዳቦ ለማን ነው የደፋሁት?»

ከኋላችን የመጡት የንስሐ አባታችን «ዳቦው ምን አደረገ? እንብላው» አሉና ቀድመው ገቡ።

ተበላ፣ ተጠጣ። ጤና ረዳቷ ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ወጣት ናት፣ እናቴ በመጨረሻ ዓመቶቿ ከኖረችበት ከሁሩታ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ብዙ አትናገርም፤ እጄን ታያለች። ጠላውን ትቼ ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃ ስቀዳ አየችኝ።

«ለሽንት ሌሊት ትነሻለሽ?» አለችኝ በቀስታ።

«እነሣለሁ።»

«ሽንት ቤታችሁ ወዴት ነው?»

ለራሷ መስሎኝ አሳየኋት። እሷ ግን አልገባችም። ከአጥሩ ሥር፣ የሌሊቱን ፖፖ ጠዋት ጠዋት የምደፋበት ቦታ ላይ ቆማ ወደ መሬት ታያለች። ጉንዳን ተሰልፏል።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሳቅኩ። «ሲስተር፣ እዚህ መንደር ጉንዳን የሌለበት የት አለ? የባሌ ሱሪ ነው የሚጠራው።»

«የባልሽ ሱሪ የታለ?»

ገመዱን አሳየኋት። በግቢው ሌላ ጫፍ ሁለት ሱሪ ተሰጥቷል።

«እይው» አለችኝ። «ጉንዳኑ ሱሪውን አልፎ ነው የመጣው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ሰልፉ ከሱሪዎቹ ሥር ይነሣል፣ ግቢውን በሙሉ ያቋርጣል፣ ከሽንቴ ላይ ይቆማል። የባሌን ልብስ ጥሎ ወደ እኔ የመጣ ጉንዳን! ስንት ዓመት ልብስ ሳራግፍ የኖርኩ ሴት ይህን አላየሁም።

ክሊኒኩ ቅርብ ነው፤ ተረኛዋ እሷው ነበረች። እህቴን ከነልጇ አስከትለን ሄድን። ሽንቴን በጠርሙስ ሰጠኋት። በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ እንደ ሰማይ የጠራ ሰማያዊ ፈሳሽ አደረገች፣ ከሽንቴ ጥቂት ጠብታ ጨመረች፣ በእሳት ላይ ያዘችው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ከዚያ እንደ ጡብ ቀላ።

«ስኳር ነው» አለች። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አርባ ሊሞላኝ ነው።»

«አበባሽ ይመጣል?»

«ሁለት ዓመት ሆነው ከቆመ።»

ቱቦውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «እናትሽስ?»

እኔና እህቴ ተያየን። እናታችንም ቀድማ ነው ያረጠችው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ነው የኖረችው፤ «ውሃ፣ ውሃ» እያለች ከስታ ሞተች። የሁሩታ ሰዎች ምንጭ ዳር ተለክፋ ነው ብለው ነበር። ይህንን ነገርናት።

«የመጽሐፍ ቃል አልነግርሽም፣ በእጄ ያየሁትን ነው» አለች። «ያለ ጊዜዋ ያረጠች ሴት ስትመጣ ሽንቷን ሳላይ አልሸኛትም። ሁሉም አይያዙም። ግን ከሌላው ሴት ይልቅ እነሱ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንቺን ደግሞ፣ በግብዣው እንደሰማሁት፣ ‹ተመረጥሽ› ብለው ነው ያዘናጉሽ።» ከዚያ እህቴን አየቻት። «አንቺስ? ነገሩ ከእናት ይመጣል። ነይ ያንቺንም ልየው።»

እህቴ ነጠላዋን ሳበች። «እኔ ደህና ነኝ፣ ሲስተር። የእኔ ይመጣል።»

«ቢመጣም አንድ ጊዜ ማየት አይጎዳም።»

«ይመጣል አልኩሽ እኮ!» አለች እህቴ፣ ልጇን አንሥታ ወጣች።

ተናዳለች ብዬ አልተከተልኳትም። በዚያ ቀን የራሴ ጭንቀት ሞልቶኝ ነበር። ለልጆቼ ሌት ተቀን የምጨነቅ ሴት ለእህቴ በዚያች ደቂቃ አልተጨነቅኩም።

እንዴት እንደ ዳንኩ አልልም፤ ይህ በሽታ አይድንም። ግን ይገዛል፤ እኔ ገዝቼዋለሁ። ናዝሬት ሆስፒታል ላኩኝ፣ ክኒን ሰጡኝ። በስኳር ፋብሪካ መንደር ስኳር መተው ቀላል መስሎ የታየው ሰው ይሞክረው። ጎረቤቴ ስትሰማ «ባልሽ ስኳር ያፈላል፣ አንቺ ስኳር ትሸኚያለሽ! መንግሥት ሰምቶ ኮታ እንዳያስገባሽ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። በበነጋው ግን ሻይ ያለ ስኳር አፍልታ ይዛልኝ መጣች፤ እኔን ላለማስቀናት እሷም አብራኝ መራራውን ጠጣች። ዳቦውን ቀነስኩ፣ ሽሮና ጎመን አበዛሁ። ጠዋት ጠዋት በአገዳው መሐል በመኪናው መንገድ እስከ ቦዩ ሄጄ እመለሳለሁ። እግሬን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ጣቴን አንድ በአንድ። ፍርሃቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ሌላው የሚረሳውን እኔ አልረሳም፤ መርሳት አልችልበትም።

በስድስተኛው ወር ሲስተርን አማክሬ፣ ክኒኑን በየትኛው ሰዓት እንደምወስድ ነግራኝ፣ ከባሌ ጋር ቆረብን። ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እሑድ ረፋድ ውሃ አልቀመስኩም፤ አልጠማኝምም። በርሜሉን አልፌው ስሄድ የቤት ዕቃ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ባሌ የእሑዱን ስብሰባ ለማስፈቀድ ሲሄድ ግን እኔን አሟታል አላለም። «ራሴን ይፍለጠኝ እንጂ አንቺን ደግሜ አላነሣም» አለ። እስኪሞት ድረስ በዚያች ውሸቱ ራሱን ይከስስ ነበር፤ ከዚያ በፊት የጀመረ በሽታ እንደሆነ ብነግረውም አልሰማኝም።

በዚያው ዓመት የእህቴ ባል ወገኖች ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ተመዘገቡ። እሱም መሬት አገኛለሁ ብሎ አብሯቸው ሊሄድ ወሰነ። ናዝሬት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ባልዋ ዕቃ ሊያስጭን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እህቴ በመስኮቱ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ያኔ ዋሽቻለሁ።»

«ምኑን?»

«የእኔም ቆሟል።»

«ከመቼ?»

«ሲስተር ስትጠይቀኝ ዓመት አልፎት ነበር። ባሌ ልጅ እንድደግም ይፈልጋል እኮ፤ ካወቀ ሌላ ያገባብኛል።»

«ይጠማሻል?» አልኳት። «ንገሪኝ፣ ውሃ ይጠማሻል?»

ባልዋ ወረደ። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ስትስቅም ስታፍርም የምታደርገው ነው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከጎኑ ሮጥኩ። «ሽንትሽን ተመርመሪ! የትም ብትሆኚ ተመርመሪ!» እያልኩ በሰው ፊት ጮህኩ። የመናኸሪያው ሰው ሳቀ። እኔ አላፈርኩም፤ ዛሬም አላፍርም።

በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ፊደል ይዤ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሷ ነው። አንድ ገጽ ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ባልዋ አስነብቦ እንዳይደርስባት ፈርቼ «እናታችንን ያስጠማት ነገር እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ጉንዳን ነው የነገረን፤ አንቺም ግቢሽን እዪ» ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያ የሚመላለስ ሾፌር «ደህና ናት፣ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል» የሚል ቃል አመጣልኝ። ስለ ጉንዳኑ ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ቃል የለም። መንግሥት ሲለወጥ ሰፋሪው ተበተነ፤ የተመለሱትን ሁሉ በናዝሬት ሲያልፉ ጠይቄአለሁ።

በኋላ ልጆቼ ያመላለሱኝ ሐኪም ሲስተር በእጇ ያየችውን በአፉ አጸናልኝ። ሴት ያለ ጊዜዋ ስታርጥ ሰውነቷን ይጠብቅ የነበረ ነገር ቀድሟት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሌላዋ ይልቅ ለስኳር የተጋለጠች ናት፤ ይያዛታል ማለት ግን አይደለም፣ ቀድማ ትመርመር ማለት ነው አለኝ። ይህንን ለሴት ልጆቼ በየበዓሉ እነግራቸዋለሁ። ትልቋ «እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ! ሰው በእንቁጣጣሽ አበባ ይሰጣል፣ አንቺ ስለ አበባችን ትጠይቂያለሽ» ትለኛለች። ትሳለቅ፤ በየዓመቱ ግን ተመርምራ ወረቀቱን ታሳየኛለች። ሁለቱም እስካሁን ደህና ናቸው።

እኔ ሁለቱም እግሮቼ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ አሉኝ። ይህንን የጻፍኩት ያለ መነጽር ባይሆንም በራሴ እጅ ነው። ይህን በሽታ ይዞ ማርጀት እንደሚቻል እኔ ምስክር ነኝ፤ እህቴም ካወቀች ትችላለች፤ ከእኔ ይልቅ ብርቱ ነበረች።

ወንጂ አካባቢ ያደገች፣ እንደ እኛ ጥርሷ በአገሩ ውሃ የበለዘ፣ በግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ የአገዳ መቁረጫ ያቆሰላት ጠባሳ ያለባት፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን፣ አንድ ወንድ ልጅ ይዛ በደርግ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሰፈራ የሄደች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም ልጇን የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ካለች አለች በሉኝ፤ ካለፈችም አልፋለች በሉኝ። ካለች ደግሞ፣ ውሃ ይጠማት እንደሆነ ጠይቁልኝ።